አስረካቢ ቆሞ ይጠብቃል

የመጨረሻው ደህና ቀን ማክሰኞ ነበር። ደህና ቀን የምለው ምንም ስላልሆነበት ነው። ከጠዋት ጀምሮ በረዶ ይጥላል። ስቶክሆልም ዳር ሃሉንዳ ካለው ቤታችን መስኮት ወደ ታች ስናይ የመኪና ማቆሚያው ነጭ ሆኗል። እናቴ ሳይነጋ ሥራ ሄዳለች፤ የምትሠራው በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። እኔና ወንድሜ ቁርስ ከበላንበት ጠረጴዛ ሳንነሳ በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል እንጨቃጨቃለን።

ወንድሜ ብዬ እጽፋለሁ እንጂ የምጠራው ወንድም ጋሼ ብዬ ነው። በብዙ ዓመት ይበልጠኛል። ስቶክሆልም ቀድሞን የመጣው እሱ ነው። አባታችን ሲሞት እናቴንና እኔን አስመጣን። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ነበር።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አዲስ አበባ ጨርሼ ስለመጣሁ፣ እዚህ ኮምቩክስ በሚሉት የጎልማሶች ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ እማር ነበር። ያን ሳምንት አስተማሪያችን ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ግስ አደለችን። ሐሙስ ጠዋት ክፍሉ ፊት ቆመን የቃሉን ትርጉምና አገባብ ከራሳችን ኑሮ በወሰድነው ምሳሌ ማስረዳት አለብን። ሌላው ይቀለው ይሆናል። እኔ ግን ሰው ፊት ስቆም ምላሴ ይታሰራል። አንድ ዓረፍተ ነገር ጀምሬ መሀል ላይ እቆማለሁ፣ ከዚያ መጨረሻው ይጠፋኛል።

የደረሰኝ ግስ «ቴክ ኦቨር» የሚል ነው። መዝገበ ቃላቱ «መቆጣጠር» ይላል። ይቺን ቃል አውቃታለሁ። ልጅ ሆኜ ሬዲዮ ላይ ደጋግሜ ሰምቻታለሁ፤ ወታደሮች ከተማ ሲይዙ የምትነገር ቃል ናት። እናቴ እሷን ስትሰማ በሩን ትቆልፍ ነበር። ምሳሌዬንም ከዚያው ወሰድኩ። ወታደሮቹ ከተማዋን ተቆጣጠሩ፣ ብዬ ጻፍኩና ለወንድም ጋሼ አነበብኩለት።

«አንተ፣ ክፍሉን ልትወር ነው እንዴ?» አለኝ።

ስህተት እንዳልሆነ ነገረኝ፤ ግን ሙሉ አይደለም አለ። ትልቅ ኩባንያ ትንሹን ሲገዛውም ይኸው ቃል ነው። ሰው ሲደነግጥ፣ ድንጋጤው ጭንቅላቱን ሲይዝበትም ይኸው ነው። አንዱ የያዘውን ሥራ ሌላው ሲቀበለው ደግሞ፣ ምንም ጠብ ሳይኖር፣ ይኸው ቃል ይገባል። እኔ ይሄ ሁሉ እንዴት አንድ ቃል ውስጥ እንደሚገባ ጨነቀኝ። እሱ ሳቀ።

«እኔ በየቀኑ የምሠራውን ነው የሰጡህ። ከሰዓት ና፣ አሳይሃለሁ» አለኝ።

ከሰዓት ሄድኩ። አውቶቡሱ ላይ ከሹፌሩ ኋላ ካለው ወንበር ተቀመጥኩ። ወንድም ጋሼ ሲነዳ ብዙ አያወራም። አንገቱን ቀና አድርጎ፣ መስታወቱን ቶሎ ቶሎ እያየ ይነዳል። ቱነልባና ከሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለው ማቆሚያ ሹፌሮች የሚቀያየሩበት ቦታ ነው። እዚያ ስንደርስ አንድ በጣም ረጅም ስዊድናዊ በረዶውን ከጫማው እያራገፈ አውቶቡሱ ላይ ወጣ። ሁልጊዜ ከወንድም ጋሼ ላይ የሚረከበው እሱ ነው። ወንድም ጋሼ ቤት ውስጥ ስለ እሱ ሲያወራ «ረጅሙ» ነው የሚለው።

ወንድሜ አጭር ነው። ረጅሙ ወንበሩ ላይ ሊቀመጥ ሲል ጉልበቱ መሪውን መታው። በስዊድንኛ፣ ይሄን ወንበር የመዋዕለ ሕፃናት አስመሰልከው እኮ አለው። ወንድም ጋሼም፣ አንተ ስትነዳ እግርህ በኋላ በር ይወጣል ብሎ መለሰለት። ይሄን በየቀኑ እንደሚባባሉት ከፊታቸው ያስታውቃል።

ከዚያ ወንድም ጋሼ አልወረደም። ቦርሳውን ትከሻው ላይ አንግቶ ከሹፌሩ ወንበር አጠገብ ቆመ። የኋላው በር ቀስ እያለ ነው የሚዘጋው አለ። የምርኩዝ ጋሪ እየገፋች የምትሄደዋ ባልቴት ጤና ጣቢያው ጋ ትወርዳለች፣ ደወሉን ቶሎ መጫን አትችልም፣ ሳትጫን ቁምላት አለ። ረጅሙ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ፣ አንዱን መስታወት አስተካከለ፣ ሌላውን አስተካከለ። ተሳፋሪዎቹ ይጠብቃሉ። አንዱ ሰውዬ እየደጋገመ ሰዓቱን ያያል፤ እኔ ስለ እሱ ተጨነቅኩ። ወንድም ጋሼ ግን ረጅሙ በእጁ ምልክት እስኪሰጠው ድረስ ንቅንቅ አላለም።

በእግራችን ወደ ቤት ስንሄድ ለምን ያን ያህል እንደቆመ ጠየቅኩት።

«አስረካቢ ቆሞ ይጠብቃል» አለኝ። «ተረካቢው መስታወቱን ሳያስተካክል ከወረድክ ጥለኸው ሄድክ እንጂ አላስረከብክም።»

ይሄን ለክፍሉ ንገራቸው አለኝ። መንገዱን ሙሉ በእንግሊዝኛ አስደገመኝ። እሱ እንደ ተማሪ ያዛጋል፣ እጁን ያወጣል፣ መሀል ላይ ስቆም «መምህር፣ ሽንት ቤት ልሂድ?» ይለኛል። እንደዚያ እያሳቀኝ ሁለት ጊዜ እስከ መጨረሻው ሳልቆም ተናገርኩ።

ማታ እናቴ ምን እንደምናጠና ጠየቀች። ወንድም ጋሼ፣ ልጅሽ ከተማ ሊይዝ ነው አላት።

«መጀመሪያ አልጋውን ያንጥፍ» አለች።

ያ ቀን ይኸው ነው። ሌላ የተለየ ነገር ቢኖረው እጽፈው ነበር። ፈልጌ አጣሁ።

ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ የማላውቀው ቁጥር ደወለልኝ። ወንድም ጋሼ ለመሥሪያ ቤቱ የቅርብ ዘመድ ብሎ የሰጠው የእኔን ቁጥር ነበር፤ እናቴ ስዊድንኛው ብዙም ስለማይሆንላት ነው። ሹፌሮች በሚያርፉበት ክፍል ተቀምጦ ሳለ ራሴን አለና ወደቀ። አምቡላንስ ወሰደው። እኔ ሆስፒታል ስደርስ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሰሰ አሉኝ። አሳዩኝ። ፊቱ ምንም አልሆነም። ስለ እሱ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ሐኪሟ ደግ ሴት ነበረች። ወንበሯን አስጠግታ እናት አለችህ ወይ አለችኝ። አለችኝ አልኩ። ከፈለግክ እኛ እንደውልላት፣ በስልክ የሚያስተረጉም ሰው አለን፣ አሁኑኑ ይገኛል አለችኝ። ይሄ እዚህ አገር የደንቡ ነው፤ ክፋት የለውም። እኔ ግን ከወንበሬ ተነስቼ ቆምኩ። አትደውሉ፣ እኔ እነግራታለሁ አልኩ። መቼ አለችኝ። ነገ ጠዋት አልኩ። ሐኪሟ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች፤ ገና ከሰዓት ነው። አልገባትም። ላስረዳት ጀምሬ መሀል ላይ ቆምኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ አዲስ አበባ ሲሞት እናቴ ገበያ ነበረች። ቤት ሰዎች ተሰብስበው እስክትመለስ ይጠብቃሉ። አንዲት የሰፈር ሴት ግን እናቴ ቀድማ የሰማች መስሏት፣ ሽንኩርት በምትገዛበት ቦታ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰችባት። እናቴ የባሏን ሞት የሰማችው እንደዚያ ነው። መንገድ ላይ ወደቀች፤ ያነሷት የማታውቃቸው ሰዎች ናቸው። ከዚያ ወዲህ ለወንድም ጋሼም ለእኔም ደጋግማ የምትለው አንድ ነገር ነበር። መርዶ ሰው ቤቱ ተቀምጦ፣ ሰው ከቦት ነው የሚሰማው። በመንገድም በስልክም እንዳታሰሙኝ። ወንድም ጋሼ እንደማያደርገው ምሎላት ነበር። አሁን ያ መሐላ እኔ ላይ ወደቀ።

ኢንጂነር ብለን የምንጠራቸው ሽማግሌ አሉ። በወጣትነታቸው ለትምህርት መጥተው እዚሁ ያረጁ፣ ጡረታ ወጥተው ከከተማው ማዶ ኡፕላንድስ ቬስቢ የሚኖሩ ናቸው። ሰው ሲጋባም፣ ሰው ሲጣላም፣ ሰው ሲሞትም የሚደወለው ለእሳቸው ነው። ከሆስፒታሉ ኮሪደር ደወልኩላቸው። ነገርኳቸው።

«ብቻህን ነህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ብቻዬን ነኝ።»

«እናትህ አልሰማችም?»

«አልሰማችም።»

«እንግዲህ አትንገራት። መርዶ ማታ አይነገርም፤ ሌሊቱን ምን ይዛ ታነጋዋለች? ጠዋት ለሥራ ሳትወጣ እንደርሳለን። አንተ እስከዚያ ያዝ።»

እርስዎ እንዳሉ አልኳቸው። ስንደርስ በሩን ክፈትና አንተ ገለል በል፣ ሌላው የእኛ ሥራ ነው አሉኝ። ኪስታ ለሚኖሩት ለእናቴ ጓደኛም እሳቸው እንደሚደውሉ ነገሩኝ። እኚህ ጓደኛዋ የወሎ ሰው ናቸው፤ እኔ እትዬ እላቸዋለሁ። ከእናቴ ጋር በአንድ ክረምት መጥተው፣ የስዊድንኛ ፊደል አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው የቆጠሩ ናቸው።

የወንድም ጋሼን ጃኬትና ጫማ በላስቲክ ቦርሳ አድርገው ሰጡኝ። ስልኩን ለብቻው ሰጡኝ፤ ኪሴ ከተትኩት። ቤታችን ስደርስ ቦርሳውን ምድር ቤት ባለችው የዕቃ ማስቀመጫችን ውስጥ፣ ከአሮጌው ብስክሌት ኋላ ደበቅኩት። ወደ ውጭ ተመልሼ ፊቴን በበረዶ አሸሁ። ከዚያ ቤት ገብቼ የቤቱን ስልክ ገመድ ከግድግዳው ነቀልኩ። ወሬ በኛ ሰው ዘንድ እንዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ። አንዱ ለአንዱ ይነግራል፤ ሦስተኛው አይዞሽ ለማለት ይደውላል። የሞባይሏን ቁጥር የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው፤ የቤቱን ግን ሁሉም ያውቀዋል።

እናቴ ገባች። መጀመሪያ የጠየቀችኝ እሱን ነው። ተጨማሪ ሥራ ያዙት፣ ነገም በማለዳ ስለሚገባ ጋራዡ አጠገብ ጓደኛው ጋ ያድራል አልኳት። እንዲህ አንዳንዴ ያደርግ ስለነበር አመነችኝ። ድምፄ እንዴት እንደወጣልኝ አላውቅም። አንተ ምነው ፊትህ ቀላ አለችኝ። ብርዱ ነው አልኳት።

ሽንኩርት እየከተፈች በሞባይሏ ደወለችለት። ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ ጭኔ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ድምፁ ጠፍቶ ነበር፤ እኔ ግን መጥፋቱንም አላወቅኩም ነበር፣ አስቀድሜ አላየሁትም። መጽሐፌን ገልጬ እግሬን ጠረጴዛው ሥር አጣበቅኩ። ተንቀጠቀጠ፣ ተንቀጠቀጠ። እናቴ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ይዛ ሽንኩርቷን ትከትፋለች።

«ይጠራል» አለችኝ። «እየነዳ ነው።»

ስለጠራ ደስ አላት። ዘጋችውና ወደ ድስቷ ዞረች።

ወጡ ሊደርስ ሲል የበሩ ደወል ጮኸ። እኔ ቀድሜ ሮጥኩ። በሩን ስከፍት ረጅሙ ቆሟል። የሥራ ልብሱን እንኳን አላወለቀም። በእጁ በወረቀት የተጠቀለለ ነጭ አበባ ይዟል። ዓይኑ ቀልቷል። ወንድም ጋሼ ሲወድቅ አጠገቡ ነበር፤ አምቡላንሱን የጠራው እሱ ነው። በእነሱ ወግ ሐዘን ያለበት ቤት በዚያው ቀን አበባ ይዘው ይመጣሉ። የእኛን ወግ ከየት ያውቀዋል?

አፉን ሳይከፍት በስዊድንኛ በፍጥነት ነገርኩት። እናቴ አታውቅም። ነገ ጠዋት ትልልቅ ሰዎች መጥተው ይነግሯታል። እባክህ ምንም አትበል። ሰውየው ያልሰማ ይመስል አየኝ። እንዴት አታውቅም አለኝ በሹክሹክታ። መልስ ልሰጠው ስል እናቴ ማማሰያዋን እንደያዘች ከኋላዬ መጣች።

«ማነው? ሰው በር ላይ ያቆማሉ እንዴ?»

«የወንድም ጋሼ የሥራ ጓደኛ ነው። ሰላም ሊለን ነው።»

«ረጅሙ?» አለች፤ ቀና ብላ ስታየው ፊቷ በራ። «ግባ በለው። ሳይበላ አይሄድም።»

እንዲመለስ በልቤ ለመንኩት። እናቴ ግን ክንዱን ይዛ አስገባችው። ጫማውን አውልቆ በካልሲ ወጥ ቤት ገባ። ጣሪያችን ለእሱ ዝቅ ያለ ነው። አበባውን ለእናቴ አቀበላት፤ ሌላ ምን ያደርገዋል። ምን ሆኖ ነው አበባ የሚያመጣው አለችኝ። ደንባቸው ነው፣ ሰው ቤት ባዶ እጃቸውን አይሄዱም አልኳት። የውሃ ማንቆርቆሪያውን ሞልታ አበባውን ጠረጴዛው መሀል አቆመችው።

ከዚያ አበላችው። አንድ ሁለት ጊዜ ሲቆርስ አየችና በእጁ መብላት እንደማይችልበት ገባት። ራሷ ጠቅልላ ወደ አፉ አስጠጋችለት። እሱ እኔን አየኝ። ብላ አልኩት በስዊድንኛ፣ እምቢ አይባልም።

«በሞቴ» አለችው እናቴ፣ እንደሚገባው ሁሉ።

እኔ ውሃ ለመቅዳት ብድግ አልኩ። የውሃ ቧንቧውን ከፍቼ ጀርባዬን እንደሰጠኋቸው ቆየሁ። ስዞር ረጅሙ እያኘከ እንባው በሁለቱም ጉንጩ ላይ ይወርዳል። እናቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች። በርበሬው አቃጠለው፣ ቶሎ ውሃ ስጠው ትለኛለች። እሱም ለመሳቅ ሞከረ። ያን ሳቅ እስካሁን አልረሳሁትም።

ውሃውን ጠጣና በስዊድንኛ፣ እናቴን እያየ፣ ለእኔ ተናገረ። ወንድምህ አንድም ቀን ሳይነግረኝ ከወንበሩ ተነስቶ አያውቅም አለ። ዛሬ ግን ምንም ሳይነግረኝ ሄደ።

«ምን አለ?» አለችኝ እናቴ።

«ወጡ ይጣፍጣል ይላል።»

አንድ ጉርሻ ጨመረችለት። እሱ እምቢ አላለም። ሲወጣ ሁለት እጇን በሁለት እጁ ይዞ ረጅም ጊዜ ቆመ። እኔ በሩን ይዤ፣ አሁን ይናገራል፣ አሁን ይናገራል እያልኩ ጠበቅኩ። አልተናገረም። ጎንበስ ብሎ ወጣ። እናቴ ሳህኑን እያነሳች፣ ደግ ሰው ነው፣ ዓይኑ ግን ሐዘን አለበት፣ ሚስቱ ጥላው ሄዳ ይሆን አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ደክሟት ስለነበር በጊዜ ተኛች።

ስለ ሌሊቱ አልጽፍም።

ጠዋት ጨለማው ሳይለቅ ተነሳች። በረዶው ሌሊቱን ሙሉ ሲጥል አድሯል። እኔ ለብሼ ወጥ ቤት ተቀምጬ ነበር። የተነሳሁት ክፍል ፊት የምናገረውን ለማጥናት መሰላት። ስልኬን በየደቂቃው አያለሁ። ሻይዋን ጨርሳ ካፖርቷን ስትለብስ መልእክት ገባ፤ ከኢንጂነር ነው፣ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ። «ባቡሩ በበረዶ ምክንያት ቆሞ ነበር። አሁን ተንቀሳቅሷል። እትዬና ሌሎቹ ታች ደርሰው ይጠብቁኛል። እኔ ሳልደርስ እንዳትወጣ፣ ያዛት።»

ከወጣች ሊፍቱ ታች ሲከፈት ታገኛቸዋለች። እትዬ እናቴን አይተው ዝም ማለት አይችሉም። መግቢያው ላይ፣ የፖስታ ሳጥኖቹ ሥር፣ ጎረቤቶች ለሥራ እየወጡ በአጠገቧ ሲያልፉ ትሰማዋለች። እንደገና መንገድ ላይ።

እናቴ ኮሪደሩ ውስጥ ካለችው አግዳሚ ወንበር ተቀምጣ ቦት ጫማዋን ታስራለች።

«እማዬ፣ ትንሽ ቆይ።»

«አውቶቡሱ ያመልጠኛል።»

ምላሴ ታሰረ። ከዚያ የወጣልኝ ይሄ ነው፤ «ዛሬ ክፍል ውስጥ የምናገረውን ስሚኝ። ሰው ፊት ካልተለማመድኩ ይጠፋኛል።»

«በእንግሊዝኛ? እኔ ምን ሊገባኝ?» አለች፤ ግን አልተነሳችም። የአንዱን እግሯን ማሰሪያ እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ። «በል፣ ፍጠን።»

ፊቷ ቆምኩ። ጀርባዬ በሩን ተደግፏል። ጀመርኩ። በእንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር እላለሁ፣ በአማርኛ እፈታላታለሁ። ይሄ ግስ አንዱ የያዘውን ሌላው ሲይዘው ይባላል አልኳት። ወታደር ከተማ ሲይዝ። ያን ታውቀዋለች፤ ራሷን ነቀነቀች። ሀብታም ኩባንያ ድሃውን ሲውጠው። ሰውን ድንጋጤ ሲይዘው፣ እጁም እግሩም የራሱ ሳይሆን ሲቀር። መሀል ላይ የቆምኩ እንደሆነ ትነሳለች። ስለዚህ አልቆምኩም። በሕይወቴ ያን ያህል ሳልቆም ተናግሬ አላውቅም።

ስለ አውቶቡሱ ነገርኳት። ስለ ወንበሩ፣ ስለ መስታወቱ፣ ጤና ጣቢያው ጋ ስለምትወርደው ባልቴት። አስረካቢ ቆሞ ይጠብቃል አልኳት።

«ይሄን ያስተማረህ እሱ ነው» አለችኝ፤ ፈገግ አለች። «ጨረስክ?»

«አልጨረስኩም።»

ጨርሻለሁ። ሌላ ምሳሌ የለኝም። ሊፍቱ አይሰማም። አፌ የራሱን ነገር ተናገረ። አባት ሲሞት ታላቅ ልጅ ቤቱን ይረከባል አልኩ። ይሄም ያው ግስ ነው።

እናቴ ማሰሪያውን ለቀቀችው።

«እሱስ እውነት ነው» አለች። «አንድም ቀን ከበደኝ ሳይል ይዞናል።» ከዚያ ጠየቀችኝ፤ «ያ ያስረከበውስ? ከወረደ በኋላ ወዴት ይሄዳል?»

ወንድም ጋሼን ይሄን አልጠየቅኩትም።

ያኔ ሊፍቱ ተንቀሳቀሰ። ወደ እኛ ፎቅ ሲወጣ የገመዱ ድምፅ በግድግዳው ይሰማል። ቆመ። በሩ ተከፈተ። የብዙ ሰው እግር ነው፤ ቀስ ብለው በረዶውን ከጫማቸው ያራግፋሉ። ማንም አይናገርም። እናቴ አንገቷን ወደ በሩ መለሰች። ዓይኗ ከበሩ ወደ እኔ መጣ። ከእኔ አልፎ ወደ ወጥ ቤቱ ሄደ፣ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው አበባ። እዚያ ቆየ።

«በዚህ ማለዳ ማነው?» አለች፤ ድምፅዋ ቀጥኗል።

ተንበረከክኩ። የቦት ጫማዋን ማሰሪያ ፈታሁ። መጀመሪያ አልፈታ አለኝ፣ ከዚያ ተፈታ። አንዱን አወለቅኩላት። ሌላውንም አወለቅኩላት። እግሯ በካልሲ ውስጥ ትንሽ ነው። አልከለከለችኝም። ምን ሆነሃል ማለቷን ትታ ራሴ ላይ እጇን አሳረፈች።

ደወሉን የሚደፍር ጠፋ። ከበሩ ወዲያ ሲተነፍሱ ይሰማኛል። ኢንጂነር ሲስሉ ሰማሁ፤ ደወሉን ግን እሳቸውም አልነኩትም።

በሩን ከፍቼ ገለል እንድል ነበር የተነገረኝ። ኮሪደራችን ጠባብ ነው። በአንድ እጄ የእናቴን እጅ እንደያዝኩ ተነስቼ በሌላው በሩን ከፈትኩ። ከዚያ ተመልሼ አግዳሚዋ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ገለል አላልኩም።